ኩራልት የሚባል ሰው አናውቅም

ሲልቮ ኩራልት የጣሪያ ክዳን ሠራተኛ ነው። ሥራው በየመንደሩ ያዞረዋል፤ በደረሰበት ሁሉ መሰላሉን ከማቆሙ በፊት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ኩራልት የሚባል ቤተሰብ እዚህ ነበር?» እኔንም ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ «አናውቅም» ብዬ መልሼዋለሁ፤ በሁለተኛውማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተቆጥቼ ነበር።

የሚጠይቀው ለአባቱ ነው። ሽማግሌው ያኮብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በአምስት ዓመቱ፣ ከሚቃጠል መንደር በጋሪ ተጭኖ ወጥቶ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባ። ወረቀቱ ላይ የእሱና የቤተሰቡ ስም እንጂ መንደሩ አልተጻፈም። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ልቡም ደክሟል። ሳይሞት የነማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሌላ ምኞት የለውም።

በእኛ በስሎቬኒያ ተራሮች ግን ሰው የሚጠራው በሚኖርበት ቤት ነው። ቤቱ የጥንት ባለቤቱን ስም እንደያዘ ይቀራል፤ አግብቶ የገባም፣ ገዝቶ የገባም በዚያው ስም ይጠራል። መቃብር ላይ ሳይቀር የምንጽፈው እሱን ነው። የመንግሥት ወረቀት ላይ ያለውን ስም ፖስተኛው ይወቀው! የቤተ ክርስቲያናችን መዝገብ ደግሞ ያኔ ከመንደሩ ጋር ተቃጥሏል።

ባለፈው መስከረም ሲልቮ የእኔን ጣሪያ ሊጠግን መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ የገብስ ሾርባ አቀረብኩለትና ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ቀድቼ እያለከለክሁ ስገባ አይቶኝ ሳቀ።

«አባቴ ቢያይዎት፣ እትዬ ሮዛሊያ፣ ‹የእኛ ጉድጓድ እኮ ማድ ቤት ውስጥ ነበር› ይልዎት ነበር። እናቱ ከምድጃው ሳትርቅ ነበር አሉ የምትቀዳው። እኛማ ሕልም ነው እንለዋለን።»

ማድ ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ያለው ቤት በዚህ አካባቢ አንድ ብቻ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሲሠራ እንኳ ጉድጓዱን አልነኩትም።

«የሎቭሬትስ ቤት ነዋ! ይሄን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም፣ አንተ ደንቆሮ?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

እውነቱን ነው፤ አፈርኩ። ሾርባውን ሳይጨርስ እጁን ይዤ ቲልካ ሎቭሬትስ ዘንድ ወሰድኩት። ነገሩን ስንነግራት ከመሳቢያዋ የአያቷን የውትድርና ደብተር አወጣች። «ኩራልት» ይላል።

«አያቴ ከወንዝ ማዶ መጥቶ እዚህ ቤት አግብቶ የገባ ነው» አለች። «ኩራልቶች ያሉት እዚያ ማዶ ነው። እዚህ ግን በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም።» ከዚያ ደብተሩን ለሲልቮ ሰጠችው። «ያኮብ የአጎቴ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር ተቃጠለ ብለን በየዓመቱ ሻማ እናበራለታለን።»

እሑድ ሲልቮ አባቱን አመጣው። ሽማግሌው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሊያስፈጽም እንደመጣ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመና «ያኮብ ኩራልት እባላለሁ» አለ።

«እሱ ለመንግሥት ነው» አለችው ቲልካ። «እዚህ ያኮብ ሎቭሬትስ ነህ። ግባ!»

ጉንጮቹን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ሽማግሌው አለቀሰ፤ እኔም ከእሱ ባላነሰ አለቀስኩ።

ሲልቮ ከኋላችን ተከትሎ ሲገባ ግን ጮኸችበት፦ «ጫማህን አውልቅ! እንግዳ ብትሆን ዝም እልህ ነበር፤ የቤት ልጅ ጭቃ ይዞ አይገባም።»