ሆዴ ላይ የጠመጠምኩት ጨርቅ

ጅጅጋ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ነው የኖርኩት። አንጀቴ ታጥፎ ቀዶ ጥገና ሲደረግልኝ፣ ሐኪሞቹ ሰገራዬ በከረጢት እንዲወጣ ሆዴ ላይ ቀዳዳ ከፈቱልኝ። መኖር ይበልጣል ብዬ ለመድኩት። ዓመት ሳይቆይ ግን የቀዳዳው ዙሪያ አብጦ የሕፃን ጭንቅላት አከለ። ሄርኒያ ነው፣ በመረብ ይጠገናል አሉኝ። ይህን የሚሠራው ሐኪም ሐረር የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ እኔ ተራ ያገኘሁት በሚመለስበት ዋዜማ ነው።

ከጅጅጋ ሐረር በሚወስደው መንገድ የእኛ ሴቶች ከሐርተሼክ በኮንትሮባንድ የመጣ ድሪያ የሚባል ስስ የቀሚስ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ ደርበው የጉምሩኩን ኬላ ያልፋሉ። እኔም በደህናዬ ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ታዲያ ለሕክምናው ስሄድ ኬላው ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው ልጅ እግር ሠራተኛ ሆዴን ስታይ «ስንት ሜትር ይዘሻል?» አለችኝ፣ በእናቷ ዕድሜ ያለሁትን አንቺ እያለች።

«የኔ ልጅ፣ በሽታ ነው።»

«ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉት!» ብላ ተሳፋሪው ፊት ቀሚሴን ገልባ ከረጢቱን መነጨቀችው። ወይ ውርደት! በእጇም በቀሚሴም ላይ ፈሰሰ። ሰው አፍንጫውን ያዘ። ሾፌሩም እንዲህ ሆነሽ አልጭንሽም ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ታጥቤ፣ ቀሚስ ለምኜ በማግስቱ ሐረር ስደርስ ሐኪሙ ተመልሷል።

ስምንት ወር ያንን እብጠት ታቅፌ ጠበቅኩ። ሳስል በእጄ እደግፈዋለሁ፣ በደገፍኩት ቁጥር እሷን እረግማለሁ።

በመጨረሻ ሐኪሙ መጣ። የሚሰፋውን መረብ ሲያሳየኝ ከአጎበር ላይ የተቀደደ ቁራጭ መሰለኝ። «ይህቺ ናት ይህን ሁሉ የምትይዘው?» ስለው ሳቀ። ያዘችው። ሆዴ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ከረጢቱ ብቻ ቀረ። ከባድ ነገር እንዳላነሣ መክሮ ለክትትል ቀጠረኝ።

ቀጠሮው ሲደርስ ከሱቄ አራት ስስ ስስ ድሪያ መርጬ፣ ከረጢቱን እንዳይጫኑ አድርጌ እብጠቱ በነበረበት ቦታ ጠመጠምኩ። ኬላው ላይ ያችው ልጅ ናት። ገና ስታየኝ ወደ ኋላ አለች።

«እማማ፣ እርስዎ ይለፉ፤ ይለፉ» አለች እጇን ከኋላዋ ደብቃ። መኪናው ላይ ልወጣ ስል ተከትላኝ መጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ስምንት ወር የተመኘሁት ይህንን ነበር። ሲመጣ ግን አንጀቴን አላራሰውም።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስድስት ጠመጠምኩ።