የግራው ወንበር ዓይን

ሀርጌሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ላንድ ክሩዘሩን አንድ ጊዜ ዞረው አዩና፣ መሪው ለምን በቀኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ ከዱባይ ይመጣል፤ መሪው በቀኝ ነው፤ የምንነዳውም መንገዱን በቀኝ ይዘን ነው። ስለዚህ ሹፌር የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው። ፊቱ የጭነት መኪና ካለ፣ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም።

«ታዲያ እንዴት ደርበህ ታልፋለህ?» አሉኝ።

በግራ ወንበር የተቀመጠው ሰው እንደሚያይልኝ ነገርኳቸው። ከበርበራ ቶጎ ውጫሌ ከባድ መኪና ስነዳ ይህን የሚሠራልኝ ረዳቴ ነበር። ደንቡ አጭር ነው። ዓይኑ «ሂድ» ካለ ትሄዳለህ፣ «ጠብቅ» ካለ ትጠብቃለህ። ክርክር የለም። የተከራከሩትን ከነጭነታቸው ተገልብጠው አይተናቸዋል። አለቃዬ ሳቁና፣ በዚህ መኪናም ደንቡ ይኸው ይሁን አሉ።

አለቃዬ ዲፕሎማት ናቸው፤ የአገራቸው ቢሮ ተጠሪ። የአገራቸውን ስም አልጠራም፤ እዚያ ዘመድ አሏቸው። በፕሮቶኮሉ መሠረት የሚቀመጡት ከኋላ ነው፤ ሴት ልጃቸውም ከጎናቸው። ባለቤታቸው ማዳም ግን ከኋላ ሲቀመጡ ያጥወለውላቸዋል። ስለዚህ የግራው ወንበር የእሳቸው ሆነ፤ ዓይን መሆንም አብሮ መጣ። ባልና ሚስቱ ቀድሞ አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ማዳም በመጀመሪያው ሰሞን ለግመልም ለፍየልም «ጠብቅ» እያሉ ያቆሙኝ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ከብዙ ረዳት የሚሻሉ ሆኑ።

ከዚያ የአገራቸው ወሬ መክፋት ጀመረ። አዲሱ መሪ በምርጫ የገባ ሰው ነበር። መጀመሪያ ጋዜጦቹን ዘጋ፣ ቀጥሎ ፓርላማውን። አለቃዬ መኪና ውስጥ ዜና ሲመጣ «ድምፁን ጨምረው» ይሉኝ ነበር። ኋላ ኋላ «ዝጋው» ማለት ጀመሩ።

አንድ ቀን የመሪውን ፎቶ ከአየር ማረፊያ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ፍሬሙ ትልቅ ነው፤ ከኋላ ቢሉት አልገባም። የግራው ወንበር ላይ አቁሜ ቀበቶ አሰርኩለት። መንገዱን ሁሉ ጋረደብኝ፤ ዓይኑ ትልቅ ነው እንጂ «ሂድ» አይል «ጠብቅ» አይል። ከአየር ማረፊያው ጀምሮ የአህያ ጋሪ ስከተል ቢሮ ደረስኩ። ይህን ለማዳም ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፎቶው ቢሮ ከተሰቀለ በኋላ ግን የሚስቅ ሰው አላየሁም።

ከፎቶው ቀጥሎ አዲስ ሁለተኛ ጸሐፊ ተላከ። ገና በቅጡ ሳንተዋወቅ፣ ቤተሰቡ መኪና ውስጥ ምን እንደሚያወራ ጠየቀኝ። ስነዳ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው አልኩት። ሹፌር እንደ ልብ እንደሚገኝ ነገረኝ። እውነት ነው፣ ጥሩ ጥሩዎቹ ግን በርበራ መስመር ላይ ናቸው አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አልሰጠኝም፤ እኔም አልናፈቀኝም።

ብዙም ሳይቆይ አለቃዬ ለምክክር ተብለው ወደ አገራቸው ተጠሩ። ከእሳቸው በፊት ሌላ አገር በዲፕሎማትነት የነበረ ወዳጃቸው በዚሁ ቃል ተጠርቶ ሄዷል። ሚስቱ ለማዳም እየደወለች ታለቅስ ነበር፤ ከአውሮፕላን ከወረደ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ማዳም እንዳይሄዱ ለመኑ። አለቃዬ ግን፣ አልሰረቅኩም፣ አልዋሸሁም፣ ለምን እደበቃለሁ አሉ። ቤታቸው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ነበር፤ መኪናውን ሳጥብ በመስኮት የምሰማው ይህንኑ ነበር።

የመሄጃቸው ቀን ጠዋት ሁላችንም መኪና ውስጥ ገባን። ሁለተኛ ጸሐፊው ለመሸኘት ብሎ ቀድሞን አየር ማረፊያ ደርሷል። ከከተማው ስንወጣ የውሃ ቦቴ ፊታችን ገባ፤ እያዘገመ ይሄዳል።

«ማዳም?» አልኩ እንደ ልማዴ።

«ጠብቅ» አሉ።

ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኩ። አሁንም «ጠብቅ»። መንገዱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ላይ ስንደርስ የቦቴው ጀርባ ከፊቴ ገለል አለና ማዶውን አየሁት። የሚመጣ ነገር የለም። ደነገጥኩ፤ ማዳም ተሳስተው አያውቁም። ወደ ጎን ዞሬ ሳያቸው ፊታቸው በእንባ ርሷል። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

አለቃዬ ሰዓታቸውን አዩ። «ጀማል፣ እለፈው እንጂ፤ መንገዱ ባዶ ነው።»

«ሰር፣ ማዳም ጠብቅ ብለዋል።»

ማዳም ወደ ኋላ ሳይዞሩ በአማርኛ ተናገሩ፤ አለቃዬ እንደሚሰሙ ያውቃሉ። «መኪና እንደሌለ አያለሁ። ሂድ የሚለው ቃል ግን ዛሬ ከአፌ አይወጣም።»

ልጅቷ የአባቷን እጅ ይዛለች። አለቃዬ፣ አለቃህ ማን ነው አሉኝ። እንጀራዬ ነው። ግን ደንብ ደንብ ነው። ቢሮ ውስጥ እርስዎ ነዎት፣ ደርቦ ለማለፍ ግን የግራው ወንበር ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ተስማምተናል አልኳቸው።

ከቦቴው ኋላ እያዘገምን ወደ አየር ማረፊያው ተጠጋን። በሩ መታየት ሲጀምር ቦቴው ፍሬቻ አሳይቶ ወደ አንድ ሰፈር ታጠፈ። መንገዱ ፊታችን ወለል ብሎ ተከፈተ። አሁን የምጠብቀው ነገር አልነበረም። ፍጥነት ግን አልጨመርኩም፤ በመስታወት አለቃዬን አየኋቸው።

«ሰር?» አልኩ። መንገድ ላይ እሳቸውን ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የማዳምን ትከሻ።

«አዙር» አሉ።

አዞርኩ። ስልካቸው መጥራት ጀመረ፤ አየር ማረፊያ የሚጠብቀው ጸሐፊ ነው። ማዳም እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉና አጠፉት። በማግስቱ ቢሮው የላንድ ክሩዘሩን ቁልፍ ተቀበለኝ፤ ቤተሰቡም ቤቱን ለቀቀ። 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ ጥቂት ወራት ኖሩና ሌላ አገር ጥገኝነት ሰጥቷቸው ወጡ። የዚያን ቀን የሸኘኋቸው በተከራየሁት ታክሲ ነው። ጭነት መኪና ፊታችን ሲገባ ማዳም ሳልጠይቃቸው «ሂድ» አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም በዒድ ይደውሉልኛል፤ አለቃዬም ከኋላቸው ድምፃቸው ይሰማል። የወዳጃቸው ሚስት ግን እስከ ዛሬ ስልክ ትጠብቃለች።

አሁን የማስተምራቸው አዳዲስ ሹፌሮች ብዙ ነገር ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው። በግራ ያለው ሰው «ጠብቅ» ካለ ጠብቁ። ምክንያቱ ባይታያችሁም ጠብቁ።