መብራት ሲሄድ የምንዘጋው ሲሊንደር

ቁጠባ በጎ ምግባር ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ይህንኑ የጻፉ ሰዎችንም ሳነብ ኖሬአለሁ። እኔ ግን ቆጣቢ ሰው እፈራለሁ። አባካኝ ቢያንስ ምን እንዳጠፋ ያውቃል።

የምሠራው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለች ትንሽ የግል ቤተ ሙከራ ነው። ዋናው ሥራችን ከተራራው የሚወርደውን የባሕር ዛፍ ዘይት መመርመር ነው። የምንመረምርበት ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሆዱ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ አለው፤ ኮለም እንለዋለን። ናሙናው በሙቀት ይተንና ከሲሊንደር የሚመጣ ሂሊየም የሚባል ጋዝ እየገፋው በቱቦው ያልፋል። ተራው ኮለም ቶሎ የሚተነውን አስቀድሞ፣ የሚዘገየውን አስከትሎ ይለቃል፤ ስለ ጠባያቸው ብዙም ግድ የለውም። ፖላር የሚባለው ግን ውስጡ አልኮል የሚወድ ሰም መሰል ነገር ስለተቀባ፣ አልኮሎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ይለያቸዋል። እንደዚያ ያለ የነበረን አንድ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ጠርሙስ በፌስታል ጠቅልለው ከካራ ሰፈር መጡ። አረቄ አውጪ ናቸው። የልጃቸው ባል እሳቸው ቤት ጠጥቶ፣ ከዚያም ጓደኞቹ ዘንድ ሌላ መጠጥ ጨምሮ፣ በማግስቱ ዓይኑ ጠፋ። ልጃቸው “ምን ጨመርሽበት?” ብላ ከደጇ መለሰቻቸው።

“ከጌሾና ከብቅል ሌላ ምን እጨምራለሁ? ይኸው ከዚያው ነው የቀዳሁት። አንተ እየውና ያየኸውን ንገራት። ነገ ባሏን ይዛ ወደ አማቶቿ አገር ልትሄድ ነው። ከሄደች በኋላ ማን ያስታርቀናል?” አሉኝ።

ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ፖሊስ ካልጠየቀን አንነካም ብለዋቸዋል። እሳቸው ደግሞ ፖሊስ የልጃቸውን ደጅ እንዲረግጥ አይፈልጉም።

ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው። መልኩ ከሚጠጣው አልኮል አይለይም። በእኛ ተራ ኮለም ላይ ሁለቱ ተደራርበው ይወጣሉ፤ ብዙው ጥቂቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፖላሩን ሰክቼ፣ ከአሮጌ ቅሪት እንዲጸዳ እያሞቅሁት ሳለ መብራት ሄደ። ምን እንደምሠራ ለሴትየዋ ላስረዳ ወደ ግቢ ወጣሁ።

በዚህ ከተማ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ የፍሪጁን ሶኬት ለመንቀል ይሮጣል፤ ሲመለስ እንዳያቃጥለው። እኛ ዘንድ እጅ የሚሮጠው ወደ ሂሊየሙ ሲሊንደር ነው። ሂሊየም እንደ ልብ አይገኝማ። ኃላፊያችን ተነሥተው ዘጉት። ማሽኑ ጋዝ ሲያጣ ሙቀቱን የሚያጠፋ መከላከያ ነበረው፤ መብራት በሄደ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገረን ድሮ አስነቅለነዋል። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ማሽኑ በታዛዥነት ማሞቁን ቀጠለ።

ስመለስ የግፊቱ መለኪያ ዜሮ ላይ ነው።

“ሲሊንደሩን ማን ዘጋው?”

“እኔ ነኛ! ላንተ ቢተውማ ሰማዩን ሂሊየም ትሞላው ነበር” አሉ ኃላፊው በኩራት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞር አሉ፤ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ።

የጋለ ፖላር ኮለም ሂሊየሙ ተቋርጦ አየር ካገኘው አለቀለት፤ ሰሙ ይቃጠላል። ምናልባት ብለን ሲሊንደሩን መልሰን ከፍተን ናሙናውን አስገባን። ሁለት ቀጥ ያሉ ጫፎች መውጣት በነበረባቸው ቦታ አንድ ሰፊ ጉብታ ተንጋለለ። ከሥሩ ሜታኖል ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ።

“አዲስ እናዛለን” አሉ ኃላፊው።

“መቼ ይደርሳል?”

“ምንዛሪ ሲገኝ።”

“ልጅቷ ነገ ነው የምትሄደው።”

“እና ምን ላድርግህ? ልቅመስልህ?”

ወጥቼ ለሴትየዋ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና “ይህንኑ ንገራት” አሉኝ። “በእኔ ስልክ አታነሣም፤ በራስህ ደውል።”

ልጅቷ አነሣች። ማሽናችን እንደተበላሸ፣ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ፣ የእናቷ አረቄ እንዳልተመረመረ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

“ስለዚህ ንጹሕ ነው?”

“አላውቅም።”

“መርዝ አለበት?”

“እሱንም አላውቅም።”

‘አላውቅም’ የጥበብ መጀመሪያ ነው ብለው የጻፉ ብዙ ናቸው። አንዳቸውም ባሏ ለታወረባት ሴት በስልክ ብለውት አያውቁም።

“ስማኝ ወንድሜ” አለች፣ “ንጹሕ ቢሆን ንጹሕ ነው ትለኝ ነበር። አጠገብህ ቆማለች አይደል? እሷን አፍረህ ነው።”

“የለም፣ ማሽኑ እኮ…”

“ማሽኑ!” አለችና ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ፤ አታነሣም። ሴትየዋ ፊቴን እያዩ ነው።

“ምን አለች?”

ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው። የተቆጡኝ አልመሰለኝም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

“እውነቷን ነው” አሉ። “የእኔ ባል ዓይኑ ቢጠፋ እኔም እንዲሁ ነበር የምለው።”

ወጥተው ሄዱ፤ ጠርሙሱን አልወሰዱትም።