ጆሮዬ ውስጥ የተነፋው ጭስ

ልጄ መኪናው ውስጥ ሲጋራ በለኮሰ ቁጥር ግራ ጆሮዬን ይበላኛል። መስማት ካቆመ ስንት ዘመኑ፤ ማሳከኩን ግን አልተወም።

በደርግ ጊዜ ሰፈራችን ገርጂ እርሻና ጭቃ ነበረች። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ በጓሮ አጥር ሾልኮ ይመጣል። ከአባቴ ጋር መስኮቱን ዘግተው፣ ብርሃን እንዳይታይ ጋቢ ጋርደውበት ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ሲጋራ ሳይጠፋ ሌላው ይለኮሳል። እኔ እግራቸው ሥር እተኛለሁ። ያ የእርጥብ ጋቢና የትምባሆ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልወጣም።

«ኧረ በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ልጁ ታፈነ» ትላለች እናቴ።

«ተይው፣ ጭሱ እያለ ትንኝም አትነካው» ይላታል ጋሽ ታፈሰ። ይስቃሉ።

ጆሮዬ ክረምት ከበጋ ይመግል ነበር። ሲብስብኝ አባቴ ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚለውን ያደርግልኛል። ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ሲጋራውን በረጅሙ ይስብና ጭሱን ቀስ አድርጎ ጆሮዬ ውስጥ ይነፋዋል። «ያደርቅልሃል፣ የኔ አንበሳ።» ይሞቀኛል። አባቴ የሚያቅፈኝ ያኔ ብቻ ስለነበር፣ አንዳንዴ ሳያመኝም አመመኝ እል ነበር።

ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ የሚለው በቅጡ አይሰማኝም። ሲጠራኝ ዝም፣ ሲጠይቀኝ ዝም። «ይሄ ልጅ ትምህርት አይዘልቀውም» ብሎ ለአባቴ ነገረው፤ አባቴም አመነ። አገሩ ሁሉ በመሠረተ ትምህርት ሽማግሌውን ሳይቀር ፊደል ሲያስቆጥር፣ ጋሽ ታፈሰ እንኳ ስሙን መጻፍ ችሎ ሲጎርር፣ እኔ ብሎኬት እሸከም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትምህርት ሲጀምር ነው፤ ከእሱ ጎን ቁጭ ብዬ። ሐኪም ፊት የቀረብኩትም ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። «ጆሮህን የጎዳው ያ የታፈነ ቤት ጭስ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። መድኃኒታችንን ስነግረው አንገቱን ደፋ።

ትናንት ከልጄ ጋር ወደ ጎሮ ስንሄድ የልጅ ልጄ ከኋላ ተቀምጦ ጆሮውን ይጎትታል። ልጄ ለኮሰ። የሲጋራውን ፓኮ አንስቼ የተጻፈበትን ማስጠንቀቂያ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«አባዬ ደግሞ፣ ማንበብ ከቻልክ ወዲህ አላስቀመጥከንም» ብሎ ሳቀ። «መስኮቱን ከፍቼዋለሁ እኮ።»

መኪናውን አቁም አልኩት። የልጅ ልጄን ይዤ ወረድኩና ታክሲ ጠበቅን።

አባቴ አያውቅም ነበር። ሳያውቅ ነው አቅፎ ያደነቆረኝ። ይሄኛው አንብቦ ነው የሚያጨሰው።