የፈዲላ ፊርማ

ፈዲላ ስትቀጠር የተሰጣት ደብዳቤ «ረዳት መምህርት» ይላል። መምህራኑ ግን ሻዶ፣ ጥላ እንደማለት፣ ነበር የሚሏት፤ ሥራዋ አንዲት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ መዋል ስለሆነ። ልጅቷ ሩሃማ ትባላለች። ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ በቁመት ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ትበልጣለች፤ ኦቲዝም አለባት።

ፈዲላ ኮምቦልቻ ተወልዳ፣ ደሴ በመምህርነት ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ሾፌር አግብታ ነው አዲስ አበባ የገባችው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎሮ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ልጅ ስታሳድግ ቆየች። ሲኤምሲ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰው እንደሚፈልግ ጎረቤቷ ስትነግራት፣ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው የሠራተኛ ልጅ በነጻ ይማር እንደሆነ ነበር። ይማራል። ልጇን ነጃትን አንደኛ ክፍል አስገብታ ሥራ ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ደወል በተደወለ ቁጥር ሩሃማ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ስር ትገባለች። ሌሎች ቢሆኑ ይጎትቷት ነበር። ፈዲላ ግን እሷም ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ልጆቹ በሁለቱም ይስቃሉ። በኋላ ላይ ሰዓቷን እያየች፣ ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የልጅቷን ክንድ ነካ ማድረግ ጀመረች። ሩሃማም ቀስ በቀስ ወንበሯ ላይ እንዳለች ጆሮዋን ሸፍና ማሳለፍን ለመደች። ለዚህች ብቻ አንድ ሴሚስተር ሄደ።

በቃል ሲጠይቋት ጥያቄውን ራሱን መልሳ ትናገረዋለች እንጂ አትመልስም። በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ መምህራን ምንም አይገባትም ብለው ትተዋት ነበር። ፈዲላ አንድ ቀን የሒሳብ ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ዝም ብላ ፊቷ አስቀመጠችላት። ሩሃማ ወረቀቱን አጠገቧ አስጠግታ፣ የሹራቧን አንገትጌ እያኘከች፣ ረጅም ጊዜ ወስዳ ሠራችው። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር በወረቀት ሆነ። ሰባተኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ከአርባ ሁለት ልጆች አሥራ አንደኛ ወጣች።

አባቷ ኤርሳዶ የሆሳዕና ሰው ነው፤ መገናኛ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የውጤት ካርዱን የተቀበለ ዕለት ፈዲላን በሩ ላይ ጠብቆ፣ ቤተሰቡ በየእሑዱ ጸሎት ላይ ስሟን እንደሚጠራ ነገራት። ሙስሊም መሆኗን ያውቃል። ፈዲላም አሜን አለች፤ ማታ ለባሏ ስትነግረው እንባዋ መጣ።

ትምህርት ቤቱ ከሷ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ በየቀኑ የዋለችውን በክትትል ደብተር መጻፍ። ፈዲላ ይህን በታማኝነት ነው የምትሠራው። ጥሩ ጥሩውን ለሩሃማ እናት በስልክ ስለምትነግራት፣ ደብተሩ ላይ የሚበዛው ያስቸገረው ነበር። «ዛሬ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አለቀሰች። ምክንያቱን አላወቅሁም።» «ፈተናውን ሳትጨርስ ወረቀቱን ቀደደችው።» ነገ እሷ ብትቀር፣ የሚተካት ሰው ልጅቷን ከዚያ አንብቦ ያውቃታል ብላ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ጥር ላይ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ተስፋልደት አስጠሯት። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሠራተኛ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሻይ አስመጡላት። ትምህርት ቤቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለሚኒስትሪ ፈተና ያስቀመጣቸውን ልጆች በሙሉ ማሳለፉን፣ ወላጅም ለምዝገባ የሚመጣው በሩ ላይ የተሰቀለውን ባነር አይቶ መሆኑን አስረዷት። ሩሃማ ዘንድሮ ብትፈተን ለልጅቷም ጭንቀት ነው አሉ። ከዚያ አንድ የተተየበ ወረቀት ገፋ አደረጉላት። ተማሪዋ በከተማ አቀፍ ፈተና ለመቀመጥ ዝግጁ አይደለችም ይላል። ከወረቀቱ ጋር ከደብተሯ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ አሥራ አራት ገጾች ተያይዘዋል፤ ለቅሶው፣ የተቀደደው ፈተና፣ ጠረጴዛ ስር የተገባባቸው ቀናት፣ ሁሉም በቢጫ ተሰምሮባቸዋል። የሒሳቡ ውጤት የለበትም።

ፈዲላ ትችላለች አለች። ጥያቄው በወረቀት ስለሆነ እንዲያውም ከክፍል ፈተና ይልቅ ይቀላታል፤ ተጨማሪ ሰዓት ብቻ ይጠየቅላት አለች። አቶ ተስፋልደት አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

«ልክ ነሽ ይሆናል» አሉ። «ግን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ዓመቱ አልቆ ሩሃማ ከዚህ ስትወጣ ደግሞ ያንቺም ሥራ ያልቃል። ኬጂ ረዳት እንፈልጋለን። ነጃትም እዚሁ ትቀጥላለች።»

ሻይዋን አልነካችም። ባሏ መኪናው ቆሞ ሦስት ወር ቤት መዋሉን፣ ነጃት ሌላ ትምህርት ቤት ብትገባ የሚከፈለውን አሰበች። እሷ ባትፈርምም ሌላ ሰው ያስፈርማሉ ብላም ራሷን አሳመነች። ፈረመች።

ለወላጆቹ ማን እንደሚነግራቸው አልጠየቀችም፤ ማንም አልነገራቸውም። በሳምንቱ ለመፈተኛ ካርድ ፎቶ የሚያነሳ ሰው መጣ። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ኮሪደሩ ላይ ተሰለፉ። ሩሃማ ለዚያ ቀን አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ አንገትጌው ያልታኘከ አዲስ ሹራብ ለብሳ ነበር የመጣችው። ከፊቷ ሁለት ልጆች ሲቀሩ ጸሐፊዋ መጥታ የሩሃማ ስም የሌለበትን ዝርዝር ለፈዲላ አሳየቻትና፣ ልጅቷን ከሰልፉ እንድታወጣት በጆሮዋ ነገረቻት።

ፈዲላ ክንዷን ነካ አደረገቻት። ሩሃማ ደወል መስሏት ወዲያው ሁለት ጆሮዋን ሸፈነች። ጠበቀች። ደወሉ አልተደወለም። እጇን አውርዳ ፈዲላን አየቻት።

«ሚስ፣ ተራዬ ነው» አለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ሳይጠይቃት ከራሷ አውጥታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ፈዲላ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ክንዷን ይዛ ከሰልፉ አወጣቻት። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ግን ክፍል ገብታ ጠረጴዛ ስር ሆነች፣ ቀኑን ሙሉም አልወጣችም።

በማግሥቱ ኤርሳዶ ልጁ ለምን ፎቶ እንዳልተነሳች ሊጠይቅ መጣ። አቶ ተስፋልደት ወረቀቱን አሳይተውት ፈዲላን አስጠሩለት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጠ።

«ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እኛ የምትጽፊው ለሷ መስሎን ነበር» አለ።

እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ቀረ። ልጁን ይዞ ሄደ።

ያን ዓመት ትምህርት ቤቱ እንደገና ሁሉንም አሳለፈ። ፈዲላ ኬጂ ገባች፤ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ ጫማ ታስራለች። በመስከረም አላስችል ሲላት መገናኛ ወርዳ የኤርሳዶን ሱቅ ፈልጋ አገኘች። በሥርዓት ተቀበላት፣ ወንበር አወጣላት፣ ለስላሳ አስመጣላት። ሩሃማ ከኋላ ተቀምጣ ብሎኖች በመጠናቸው ትለያለች። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ብሎኑ ተመለሰች። ኤርሳዶ ሰፈራቸው ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሞክሮ ነበር። ከቀድሞው ትምህርት ቤት ማኅደሯን አምጣ አሉት፤ ማኅደሩ ሲመጣ ያ ወረቀት ከላይ ነበር፤ አንብበው ሊቀበሏት እንደማይችሉ ነገሩት።

ፈዲላ ለስላሳውን ሳትጨርስ ተነሳች። በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ያለአግባብ እንደፈረመች፣ ልጅቷ መፈተን እንደምትችል በሁለት ገጽ ጽፋ፣ ከኤርሳዶ የወሰደችውን የፊተኛውን ወረቀት ኮፒ ይዛ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ። በክፋት አልነበረም የተናገረው።

«ሁለቱም ያንቺ ፊርማ ነው» አላት። «የትኛውን ልመን?»

ወረቀቷን ግን ተቀበላት፤ እናየዋለን አለ። ፈዲላ ይህን ያህል ከተናገርኩ ከሥራ እባረራለሁ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈራ ከረመች። ማንም አላባረራት። ለትምህርት ቤቱ የደወለ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተመልሳ ጠየቀች፤ በሁለተኛው ያ ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ፣ ስለ ወረቀቷ የሚያውቅ ጠፋ።

ለኤርሳዶ ደውላ ነገረችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋው።

ፈዲላ አሁንም እዚያው ነው የምትሠራው። ነጃት ጎበዝ ተማሪ ወጥቷታል፤ አምስተኛ ክፍል ናት። ሩሃማ ደግሞ በግንቦት አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ፈዲላ ቀኑን አልረሳችውም፤ አልደወለችም።