በልጄ ቆሽት ውስጥ የቀሩት ሴሎች

መጀመሪያ ያለቀው ውኃው ነው። ኮልፌ እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለመጠጥ የምንለየው ጄሪካን እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይደርስልን ነበር። ባለቤቴ ሰሚራ የሚያፈስ መስሏት ገልብጣ አየችው። አያፈስም። የምትጠጣው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ሀያት ነበረች።

ከዚያ ቀሚሷ ሰፋት። አልጋዋ ላይ መሽናት ጀመረች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት የደም ስኳሯ 480 ሆኖ ተገኘና ወደ ሆስፒታል ተላክን።

ዶክተሯ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንደሆነ ነግራን ወረቀት ላይ ቆሽት ሣለች፤ ውስጡን በነጠብጣብ ሞላችው። "እነዚህ ቤታ ሴሎች ናቸው። ኢንሱሊን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከበሽታ ሊጠብቋት የሚገባቸው ነጭ የደም ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥረው እየገደሏቸው ነው።" ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ ሰረዘች። ጥቂት ተወች።

ከምን እንደጀመረ ጠየቅኳት። በትክክል እንደማይታወቅ፣ ምናልባትም ምልክቱ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት እንደጀመረ፣ እኛ ያጠፋነው ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ማስቆም ይቻል እንደሆነም ጠየቅኩ።

"አንችልም" አለች። "ኢንሱሊኑን ከውጭ እንሰጣታለን።"

ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ መልስ ያጣሁበት ጥያቄ ብዙ ነው። ይህኛው ግን አቅም አሳጣኝ። ልጄ አጠገቤ ተኝታ በውስጧ አንድ ነገር ይሞታል። አያማትም። ድምፅ የለውም። አላየውም።

የማውቀውን ሥራ ያዝኩ፤ የስኳሯን ልክ ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ መጻፍ። በሁለተኛው ወር ቁጥሩ ወረደ። ዶክተሯ በመርፌ የምንሰጣትን ኢንሱሊን ቀነሰችና አስጠነቀቀችን፤ ከውጭ የሚሰጠው ኢንሱሊን ሲያሳርፋቸው የቀሩት ሴሎች ለጊዜው ይበረታሉ፣ እፎይታው ግን ያልፋል፣ መርፌው አይቋረጥም። ይህንንም ጻፍኩት። አሰመርኩበትም።

ቁጥሩ ግን መውረዱን ቀጠለ። እኔ ደግሞ አንድ ምንጭ የነገረኝን በሌላ ሳላረጋግጥ ዜና አላወጣም። አንድ ጠዋት ሀያትን በባዶ ሆዷ ቀራንዮ ያለ አንድ ክሊኒክ፣ ከዚያ ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት። 98። 101። ሁለት ምንጭ፣ አንድ መልስ፤ የጤነኛ ሰው ያህል። የመጀመሪያው ምርመራ ተሳስቷል ብዬ ደመደምኩ።

"አንተ የምታውቀው ዜና ነው፤ ዶክተሯን ጠይቃት" አለችኝ ሰሚራ።

ያለ መርፌ ጥቂት ቀን እንየው አልኳት። መርፌ እንደቀረላት ስነግራት ሀያት ተንደርድራ አቀፈችኝ።

አምስት ቀን ደህና ነበረች። በስድስተኛው ጉንፋን ያዛት። በስምንተኛው አስታወከች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተኝ። ደረቷ በኃይል ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠራኋት። ዓይኗን ገለጠች። አላወቀችኝም።

ኪቶአሲዶሲስ ይባላል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብ ያቃጥላል፤ ደም አሲድ ይሆናል። ሁለት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆየች። እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። "ሁለቱም ምርመራ ልክ ነበር። እርስዎ ያዩት የቀሩት ሴሎች ከመርፌው ጋር የሠሩትን ነው። ብቻቸውን ግን አይችሉም።"

እኔ ነኝ ወይ የጨረስኳቸው አልኳት።

"እርስዎ ባይሳሳቱም መሞታቸው አይቀርም ነበር። ምን ያህል እንዳፋጠኑት ግን ልነግርዎ አልችልም።"

አሁን ሀያት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ራሷ ትወጋለች፣ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኗን እንዳይሞቅ በደንብ ጠቅልላ ውኃ ከተረጨበት አሸዋ ጋር ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታኖራለች፣ ትምህርት ቤትም ስኳሯ ድንገት ቢወርድ የምትበላው ብስኩት ከቦርሳዋ አይለይም። የሚያስፈልጋት የኢንሱሊን መጠን ከወር ወር እየጨመረ ነው፤ እኔም በጨመረ ቁጥር የቀሩት ሴሎች እያነሱ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ከመጻፍ በቀር የማደርገው ሳይኖር እጽፋለሁ። አንዳንዴ የስኳር መለኪያውን ፊቴ ትዘረጋና "አባዬ፣ ሁለተኛ ምንጭ ልፈልግልህ?" ትለኛለች። እናቷ ትስቃለች። እኔ ገና እየለመድኩት ነው።

ልጃችሁ ውኃ ካበዛ፣ ሽንት ካመላለሰው፣ ከከሳ፣ በዚያው ቀን ስኳሩን አስለኩ። ቁጥሩ ስላማረ መርፌ አታቁሙ፤ ጉንፋንም ሆነ ትውከት ሲይዘው በጭራሽ አታቁሙ። የተጠራጠራችሁ እንደሆነ ሐኪሙን ራሱን ጠይቁ።

ያንን ሥዕል የሣለችልንን ዶክተር፣ ሁለቱን ቀን ከአልጋዋ ያልራቁትን ነርሶች፣ ከእኔ ደብተር ይልቅ ሐኪሟን ያመነችውን ሰሚራን አመሰግናለሁ። ስንት እንደቀሩ የማላውቃቸውን ሴሎችም አመሰግናለሁ። እኔ ስሳሳት ሀያትን አምስት ቀን ያቆዩልኝ እነሱ ናቸው።