የእትዬ ዴሳንካ ወናፍ

በሞራቫ ወንዝ ዳር እንደ አንጥረኛው ቬሊዛር ዕቃ የሚያጣጥል ገዢ የለም። ያን ቀን የእትዬ ዴሳንካን ሟች ባለቤት ወናፍ ሊገዛ ሄደ፤ እጀታው በእጅ ሲዘወር የውስጥ ጥርሶቹ ማራገቢያ እያሽከረከሩ እሳት የሚያናፉበትን። እጀታውን አንዴ አዙሮ ቢለቀው ብቻውን ሲሽከረከር ቆየ። ልቡ ክፉኛ ከጀለው፤ ፊቱን ግን አኮሳተረ።

«ጥርሱ አልቋል፣ እትዬ። ትንፋሽም የለው። ብረት ማጋሉ ቀርቶ ሻማ እንኳ አያጠፋም።»

«እንግዲያው እሳት ላይ እንሞክረዋ!» አሉና ከሰል አቀጣጠሉ። ከዚያ ለብርዱ ወራት ተጠብሶ የሚፈጨውን ቀይ ቃሪያ በጆንያ እየጎተቱ አመጡ።

ቬሊዛር ወናፉን ለማሳጣት ቀስ ብሎ ይዘውር ጀመር። ይሄኔ የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። አንዷ «አንጥረኛው እሳት ሊጠፋበት ነው!» ብላ ሳቀች። ደሙ ፈላ። እጅጌውን ሰብስቦ እንደ እብድ ዘወረው፤ ሁለት ጆንያ ቃሪያ ተጠብሶ አለቀ።

«በሉ፣ እርስዎን ላለማስቀየም ልውሰደው» አለ፣ ላቡን እየጠረገ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ።

«በስመ አብ! ለማይረባ ዕቃ ገንዘብ ብቀበልህ ኩነኔ አይሆንብኝም?» አሉ እትዬ ዴሳንካ፣ ትኩስ ቃሪያ በዳቦ እያቀበሉት። «ነገም ና። አንድ ጆንያ ይቀረኛል፤ እስከዚያ ትንፋሹ መለስ ይልለት ይሆናል።»